ሰዓቱን ያላሳየሁት ካሜራ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላላገኘሁ ነው። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ባለው ማኅበራችን መጽሔት ላይ የሚወጣው የሥራ ዘመን ትዝታ የታላላቆች ቦታ ነው። አምና የጻፉልን እናት ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ ናቸው። ካቻምና የጻፉት አባት ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ ያሳለፉ ነበሩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ጡረታ ወጣሁ ብዬ መናገር የምችለው ከአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራሁት አራት ዓመት ተኩል ነው። ደግሞም ታሪኩ ጀግንነት የለበትም፤ አብዛኛው ፍርሃት ነው። አዘጋጆቹ ግን የሠራኸውን እንደሠራኸው ጻፍ ስላሉኝ እሞክራለሁ። ያጠፋሁት ካለ አርሙኝ።

ሥራዬ የዱካ ካሜራ መትከል ነበር። የዱካ ካሜራ ከዛፍ ጋር በቀበቶ የሚታሰር፣ የጡብ ግማሽ የሚያህል ሣጥን ነው። እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ ሙቀቱንና እንቅስቃሴውን አውቆ በራሱ ፎቶ ያነሳል። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብለው ያሉ የዱር እንስሳት እርሻዎች የአደን ወቅት ከመድረሱ በፊት የትኛው ወንድ አጋዘን በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ማወቅ ይፈልጋሉ። እዚህ አገር ኩዱ ይሉታል፤ ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ መሰላል ወደ ላይ የሚወጣው፣ እኛ አጋዘን የምንለው ነው። እኛ የምንሸጥላቸው ይህንን እውቀት ነበር።

ከዚያ በፊት ከጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ቴምቢሳ ነበርኩ። ከሆሳዕና አቅራቢያ ወደዚህ የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን የአጎቴ ልጅ በከፈታት ስፓዛ፣ ማለት በትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ውስጥ ገባሁ። በፍርግርጉ ብረት ቀዳዳ ዳቦና ወተት እያቀበልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ የማድረውም እዚያው ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ነበር። ደንበኞቻችን ዙሉ አስተማሩኝ። «ሳውቦና» ሳልል ዳቦ ከሰጠኋቸው ዳቦውን መልሰው ሰላምታ የሚያስጀምሩኝ እናቶች ነበሩ። ግን ሱቁ ሦስት ጊዜ ተዘረፈ፤ በሦስተኛው ሽጉጡ ግንባሬን ነክቶኛል። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር ዞሬ በሩን አያለሁ። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በኋላ የሠራሁት ስህተት ሥሩ የት እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ከሦስተኛው ዝርፊያ በኋላ የአጎቴ ልጅ ለሱቁ ካሜራ ሊያስገባ ከጆሃንስበርግ ትሮይቪል ሰፈር አንድ ባለሙያ ጠራ። ጋሽ ነስሩ ይባላሉ፤ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ስድሳ ይጠጋቸዋል፤ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አይጠፋም። መሰላል እንድይዝላቸው ታዘዝኩ። ጥቂት ቆይተው ከላይ ወደ ታች አዩኝ።

«አንተ ሆሳዕና፣ የሚንቀጠቀጠው መሰላሉ ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ደግ። እውነቱን የሚናገር ሰው እፈልግ ነበር» አሉ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ትሮይቪል ሱቃቸው እንድመጣ ነገሩኝ። ያቺን ቃላቸውን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሻታለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ካሜራ መምረጥ ነበር። ሦስት ዓይነት ካሜራ በሱቁ ኮሪደር ላይ ደርድረው በፊታቸው እንድሮጥ አዘዙኝ። ሮጥኩ። አንደኛው ሙሉ ሰውነቴን አነሳ። ሁለተኛው ተረከዜን አነሳ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ውድ የሆነውና ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ያነሳው ባዶ ግድግዳ ነበር። ጋሽ ነስሩ ሳቁ። ካሜራ ዘበኛ ነው አሉኝ፤ ዘበኛ የሚመረጠው በዓይኑ ትልቅነት ሳይሆን ሲጠሩት ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደሚነቃ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው የሌሊት መብራቱ ነው። አንዳንዱ ፎቶ ሲያነሳ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ያሳያል፤ በሩቅ ያያል፣ ግን አጋዘኑ ቀና ይላል፣ ሌባም አይቶ ይነቅለዋል። ሌላው መብራቱ ጨርሶ አይታይም፤ ግን ቅርብ ብቻ ያያል። ሰው በሚያልፍበት አካባቢ እኛ የምንመርጠው የማይታየውን ነበር። ይህን ምርጫ ያኔ እንደ ጥሩ ነገር ብቻ ነበር የማየው።

አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው በማጋሊስበርግ ተራሮች ሥር ባለ አንድ እርሻ ነበር። በጋሽ ነስሩ ባኪ፣ ማለት በአሮጌዋ ፒክአፕ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሄኒ ይባላል፤ አጭር ሱሪ በብርድም የማያወልቅ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ለብቻዬ እንድተክል የተፈቀደልኝን የመጀመሪያ ካሜራ በራሴ ዓይን ቁመት ልክ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጌ አሰርኩት። በሳምንቱ ፎቶዎቹ የሚቀመጡበትን ካርድ ስናወጣ ሺህ ስምንት መቶ የሣር ፎቶና ሁለት የአጋዘን ጀርባ አገኘን። እዚህ አገር ፀሐይ የምትሄደው በሰሜን በኩል ነው፤ ካሜራው ቀኑን ሙሉ የሞቀውንና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሣር ሲያነሳ ውሏል። ጋሽ ነስሩ አልተቆጡም። ካርቶን አንጥፈው መንገዱ ላይ በአራት እግራቸው ሄዱ።

ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህን ነበር። በስድሳ ዓመታቸው እንደ አጋዘን እየተንበረከኩ ዱካውን ይሄዱታል፤ የት ላይ አንገቱን እንደሚያቀና፣ የት ላይ በሁለት ድንጋይ መካከል ሾልኮ ለማለፍ እንደሚገደድ በራሳቸው ትከሻ ይለኩታል። ውኃው ዳር አትትከል ይሉኛል፤ ውኃ ላይ ሁሉም ይመጣል፣ ይጋፋል፣ ካርዱ ይሞላል። ወንዱ ብቻውን የሚመጣበትን፣ ቁጥቋጦው ጫፍ ጫፉን የምትሄደውን ቀጭን መንገድ ፈልግ። ካሜራው በአጋዘኑ ደረት ልክ ይሁን። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ መንገዱን ደግሞ ፊት ለፊትም በጎንም ሳይሆን ሰያፍ ይየው፤ በጎን ካየው እንስሳው ሽው ብሎ ያልፈዋል። ቀጭን ዛፍ ላይ አትሰር፤ ዛፉ ሲወዛወዝ አገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨድ። እጅህን በአፈር እሽ፤ ሳሙና ሳሙና እየሸተትክ አትምጣ። «ለጸሎት ቤት ስትሄድ ታጠብ፣ አንተ ጴንጤ» ይሉኝ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ለሶላት የሚሆን ውኃ በጀሪካን ሳይዙ አይወጡም።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ አንድ የማይቀር ልማድ ነበራቸው። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው በካሜራው ፊት ይይዙታል፤ እስኪያነሳው ይጠብቃሉ። «ምስክሩ ተቆጠረ» ብለው ሰዓቱን መልሰው ያስራሉ። ባትሪ ሲቀየር የአንዳንዱ ካሜራ ሰዓት ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በእጅ መሞላት አለበት። ካሜራው የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ሰዓት ብቻ ነው፤ የነገርነው ትክክል ለመሆኑ ምስክር ያስፈልገዋል ይሉ ነበር። እኔ ይህን የሽማግሌ ጥንቃቄ አድርጌ አየሁት። አንድ ደቂቃ ያህል በዝምታ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ በዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ደቂቃ ለእኔ ረጅም ነበር።

ረጅም የሆነበት ምክንያት አለው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ካርድ ስንከፍት፣ ካሜራውን አስሬ ጀርባዬን ሰጥቼ በዱካው ላይ ስሄድ የሚያሳይ የራሴ ፎቶ አገኘሁ። የሚቀጥለው ፎቶ ከአራት ደቂቃ በኋላ የተነሳ ነው። ነብር ነበር። በዚያው መንገድ፣ እኔ በሄድኩበት አቅጣጫ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። ጋሽ ነስሩ ሊያጽናኑኝ ቢፈልግህ ኖሮ አራት ደቂቃ አይጠብቅም ነበር አሉ። ግን ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሳስር ጆሮዬ ከኋላዬ ነው። ቴምቢሳ ትቼው የመጣሁ የመሰለኝ ነገር እዚህም ደርሶብኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ብርዱ በጸናበት ጊዜ ጋሽ ነስሩ ጉልበታቸውን አመማቸው። ባትሪ ለመቀየር ብቻዬን ተላክሁ። አሥራ አራት ካሜራ ነበር፤ ሰባተኛው ከሠራተኞቹ ቤት ወደ ውኃ ሞተሩ በሚያሻግረው ዱካ ላይ፣ ሁለት ድንጋዮች በሚጠጋጉበት ቦታ የታሰረ ነው። ባትሪውን አውጥቼ አዲሱን ስከት ከኋላዬ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ዞርኩ፤ ምንም የለም። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ካሜራው ሰዓት ጠየቀኝ። ከጥዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር።

እኛ እርስ በርሳችን የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። ባኪው ውስጥ አራት ሰዓት እንባባላለን፤ ለሚስተር ሄኒ አሥር ሰዓት እንላለን። በሱቅ ሳለሁም እንዲሁ ነበር፤ አንደበቴ ሳላስበው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ያን ቀን ግን አልተሻገረም። ሰው ሲፈራ የሚቆጥረው ቤቱ በተማረው ነው። 04:10 ብዬ ሞላሁ፤ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ሰዓቴን ሳላሳየው ወደ መኪናው ሮጥኩ ለማለት በማይቻል፣ ተራመድኩ ለማለትም በማይቻል ሁኔታ ሄድኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጥዋት፣ ሚስተር ሄኒ ደወለ። ከሰባተኛው ካሜራ ብዙም ሳይርቅ የሽቦ ወጥመድ ተገኝቷል። ኢምፓላ የሚባሉ ሁለት ሚዳቋዎችና አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ሞተዋል። አጋዘኑ በዚያ ሳምንት ለሚመጡ አዳኝ እንግዶች በእኛ ካሜራ ሲከታተሉት የከረሙት ነበር። ቶሎ ደርሼ የሰባተኛውን ካርድ በቢሮው ኮምፒውተር ከፈትኩ። ሚስተር ሄኒ ከኋላዬ ቆሞ ያለፈውን ሌሊት ብቻ አሳየኝ አለ። የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። በጥቁርና ነጭ የሌሊት ፎቶ፣ ጆንያ በትከሻው የተሸከመ ሰው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያልፋል። ከታች ሰኞ፣ 23:52 ይላል።

ሰውየውን ሁለታችንም አወቅናቸው። ባባ ማድላ ናቸው፣ በዙሉ አባባ ማድላ እንደማለት፤ የውኃ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱ፣ በእርሻው ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩ ሠራተኛ። ተጠሩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር አሉ፤ በዚያ መንገድ የማልፈው ጥዋት ጥዋት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሞተሩን ለማስነሳት ነው፤ ጆንያው ውስጥ ቦት ጫማዬና መፍቻዎቼ ናቸው። ሚስተር ሄኒ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሳቸው አዞረው።

«ካሜራ አይዋሽም» አለ።

ባባ ማድላ ፎቶውን ካዩ በኋላ እኔን አዩኝ። ካሜራውን ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ምናልባት አንድ ነገር እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ ያኔ ካሜራውን አምኜዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮርቼም ነበር፤ ሥራችን ሌባ ያዘ ብዬ። ሚስተር ሄኒ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ለቀው እንዲወጡ ነገራቸው፤ ፎቶውንም ለፖሊስ ላከ። ማታ ሰውየው እንደተባረሩ ለጋሽ ነስሩ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ትሮይቪል ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የቀሩትን ፎቶዎች እለይ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን በቀንዳቸው ጥምዝ እየለዩ ለብቻ። ከሰባተኛው ካርድ አንድ ቆንጆ ወንድ አጋዘን አገኘሁ። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች ይቆጠራሉ፤ ከሆዱ በታች ጥላው ጥቁር ሆኖ ወድቋል። ስሙን ልጽፍለት ሰዓቱን አየሁ። 02:20 ይላል።

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጥላ የለም።

ወደ ኋላ ሄጄ የመጀመሪያውን ፎቶ ፈለግሁ፤ የእጅ ሰዓት መታየት የነበረበት ቦታ ላይ የጃኬቴ እጅጌ ብቻ አለ። ስድስት ሰዓት። ካሜራው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ባባ ማድላ ያለፉት ማክሰኞ ጥዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በሐምሌ ያ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። እዚህ ላይ ራሴን ባሳምር ደስ ባለኝ፤ ግን ያደረግኩት ይህ ነው፤ ዘጋሁት። የጥገኝነት ወረቀቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ለማደሻ የሥራ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። የውጭ አገር ሰው ለፖሊስ የሐሰት ማስረጃ ሰጠ ቢባልስ? ጋሽ ነስሩ እርሻውን ቢያጡስ? ሌሊቱን ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ጥዋት ማለፋቸው ወጥመዱን አላጠመዱም ማለት አይደለም አልኩ። ይህን ስል ፊታቸው ይመጣብኛል፤ ኮፍያቸው፣ ወደ እኔ የዞሩበት አኳኋን። ሐሙስን ዝም ብዬ ዋልኩ። ሽጉጥ ግንባሬ ላይ በነበረበት ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ ያን ጊዜ የምፈራው አንድ ሰው ነበር፤ አሁን የምፈራው ሁሉንም ሆነ፣ ራሴንም ጨምሮ።

ዓርብ ቶኮዛ በምትባል ሰፈር ውስጥ ለአንድ የአገራችን ሰው ስፓዛ ካሜራ እናስገባ ነበር። ጋሽ ነስሩ ጉልበታቸው ተሽሏቸው መሰላል ላይ ወጥተዋል። እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያውን ካሜራ ጨረሱ። እንደ ልማዳቸው ሰዓታቸውን ፈትተው በአዲሱ ካሜራ ፊት ያዙት። «ምስክሩ ተቆጠረ» አሉ። እኔ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው ላይ ሰዓት አላሳየሁም።»

ከመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ። ነብሩን፣ ቅርንጫፉን፣ ወረቀቴን አንድ ላይ መቀባጠር ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ፍርሃትህን በኋላ እሰማዋለሁ። ስንት ብለህ ሞላኸው?»

«አራት።»

«የማን አራት?»

«የእኛ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያሰሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ የጠየቁት ስለ እኔ አልነበረም።

«ሰውየው የሚወጡት መቼ ነው?»

«ነገ።»

መሰላሉን አጣጠፉ። ለባለሱቁ የቀረውን ሽቦ ነገ እንጨርሳለን አሉትና ባኪውን አስነሱ። መንገድ ላይ ለሚስተር ሄኒ በስልክ ብንነግረው አይሻልም ወይ ብዬ ለመንኳቸው። ይህ በስልክ የሚባል አይደለም፤ ባባ ማድላ ፊታችንን ማየት አለባቸው አሉ። ፖሊስ ቢጠራብኝስ አልኩ።

«ሊጠራ ይችላል። እኔም እፈራለሁ፤ ድርጅቱ በስሜ ነው» አሉ። ጥቂት ነድተው ጨመሩ፦ «መንገዱ ረጅም ነው፤ እስክንደርስ ፈርተን እንጨርስ።»

እኔ አልጨረስኩም። ስንደርስ የባባ ማድላ አልጋ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ነበር። ባለቤታቸው ወንበሮችን በገመድ ያስራሉ፤ ዶሮዎቹ በሣጥን ገብተዋል። ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ቢሮ ገብተን የአጋዘኑን ፎቶ በሚስተር ሄኒ ፊት ከፈትን። ጋሽ ነስሩ ጣታቸውን መጀመሪያ ጥላው ላይ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ላይ አደረጉ። ሚስተር ሄኒ ለረጅም ጊዜ አየው። የማን ስህተት ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ነስሩ የእኔ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው፤ ካሜራውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁም ሦስተኛ ቀኔ ነው አልኩ። ሦስተኛ ቀን የሚለውን ስናገር ጋሽ ነስሩ ፊታቸውን አዞሩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የዚያኑ ዕለት ያወቅሁ መስሏቸው ነበር።

ሚስተር ሄኒ አልጮኸም። ከእናንተ ፎቶዎች ስንቱ ነው ውሸት ብሎ ጠየቀ፤ አሥራ አራቱንም ካሜራ በዚያው ቀን አብሮን ዞሮ አረጋገጠ። ስህተቱ አንዱ ብቻ ነበር። ለፖሊስ ደወለ። ለባባ ማድላ አልጋውን መልሰው ማስገባት እንደሚችሉ ነገራቸው። ይቅርታ ሲል አልሰማሁም። ወጥመዱን ያጠመደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አልጋውን ለማስገባት አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ባባ ማድላ አልከለከሉኝም፤ አላመሰገኑኝምም። ካስገባን በኋላ ከቴምቢሳ በያዝኩት ዙሉ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በሩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ» አሉ። «እኔን አልጠየቁኝም። ማሽኑን ጠየቁ።»

ካሜራውን ከመንገዳቸው ላይ ላንሳው አልኳቸው።

«አታንሳው። ሌላ ቦታ ከወሰድከው የት እንዳለ አላውቅም። ይህኛውን አውቀዋለሁ።»

ተመልሰን ትሮይቪል ስንገባ፣ ጋሽ ነስሩ ለወረቀቴ የሚያስፈልገውን የሥራ ደብዳቤ ሰኞ እንደሚጽፉልኝ ነገሩኝ፤ ከዚያ የራሳቸውን የእጅ ሰዓት ፈትተው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምስክር ያላስቆጠርኩበት ካሜራ የለም።

በሁለት ሳምንቱ የሰባተኛውን ካርድ ስከፍት በየጥዋቱ አንድ ዓይነት ፎቶ አገኘሁ። ባባ ማድላ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆመዋል። ጆንያቸውን መሬት አስቀምጠዋል። ስልካቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተውታል፤ የሚያበራው ፊቱ ላይ ሰዓቱ ይነበባል። 05:52። 05:50። 05:53። ከስልኩ ብርሃን ጀርባ ያለው ፊታቸው ምንም አይልም፤ ፎቶ እስኪነሱ ብቻ ይጠብቃሉ። በቀጣዩ ካርድም እንዲሁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ሌላ ሰው ሲያየው ሊስቅ ይችል ይሆናል። እኔ ግን ፍርሃት ስለማውቅ አወቅሁት። ከእኔ ወጥቶ ወደ እሳቸው የሄደ ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ ሰዓቱን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንደማረጋግጥ፣ መቆም እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸው።

«አንተ ልትረሳ ትችላለህ» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ አልረሳም።»

ስለዚህ ዝም ብዬ ሥራዬን መሥራት ብቻ ቀረኝ። በየሁለት ሳምንቱ ሄድኩ፤ ባትሪ ቀየርኩ፤ ሰዓቱን አሳየሁ፤ ከጀርባዬ ቅርንጫፍ ሲሰበር እየፈራሁም ቢሆን ቆሜ ጠበቅሁ። ሳገኛቸው ሰላምታ እንለዋወጣለን። ጋሽ ነስሩ ሲታመሙ ስለ ጉልበታቸው ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ ሌላ ወንድ አጋዘን የሚተኛበትን ቁጥቋጦ ራሳቸው አሳዩኝ፤ ከማንኛውም ካሜራ የበለጠ ያውቁ ነበር፤ ይህንንም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ብርዱ አለፈ፤ ሙቀቱ መጣ፤ እንደገና ብርድ ሆነ። ስልኩ ግን በየጥዋቱ ነበር።

ትምህርት ቤት ተቀባይነት ያገኘሁበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያነበቡት ጋሽ ነስሩ ናቸው። እርሳሳቸውን አውጥተው የምዝገባውን ቀን አሰመሩበት፤ ሰዓት እንዳትሳሳት ብለው ሳቁብኝ፤ የእጅ ሰዓቱንም አልመልስም አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ካርድ ልሰበስብ የወጣሁት በጥር ነበር። በጥር በዚያ ሰዓት ጎህ ቀዶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ፎቶዎቹ በቀለም ናቸው። በባኪው ውስጥ ተቀምጬ የሰባተኛውን ካርድ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ አየሁ።

በመጨረሻዎቹ አራት ጥዋቶች ስልክ የለም። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው፤ ሰውየው የታመሙ መሰለኝ። ግን አሉ። ጆንያቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው፣ ጥላቸው በሣሩ ላይ ረዝሞ፣ ወደ ካሜራው ሳያዩ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያልፋሉ። በአንዱ ላይ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ ያንጎራጉሩ ይሆናል፤ ካሜራው ድምፅ አይዝም። ረስተው ነው ወይስ ትተውት? ውኃ ሞተሩ ጋ ቆመው በሩቅ ይታዩኝ ነበር፤ ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው በማግስቱ ስልኩን እንደገና የሚያወጡት መሰለኝ። እጄን አነሳሁላቸው፤ እሳቸውም አነሱልኝ።

ከአራቱ ፎቶዎች የመጀመሪያውን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ሰዓቱን ከጋሽ ነስሩ የእጅ ሰዓት ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ ትክክል ነው። ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።